ለጉልበታቸው የተጸለየላቸው ሰው

አንድ ሰው ሽንት አቃጠለው።

ምነው አንገታችሁን ደፋችሁ? ገና ምንም አልተናገርኩም እኮ። ሽንት ነው ያልኩት። ከመካከላችሁ ዛሬ ጠዋት ያልሸና አለ? ካለ እጁን ያውጣ፤ ስብከቱን አቁመን ሐኪም ቤት እንወስደዋለን።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በዚህ ቤት የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ ምን ምን ሰምታችኋል? ራስ ምታት ሰምታችኋል። ወገብ ሰምታችኋል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ጨጓራ፣ አልፎ አልፎም የጎረቤት ክፋት ሰምታችኋል። አንድ ሰው ብድግ ብሎ፣ «ወገኖች፣ ሽንት ያቃጥለኛልና ጸልዩልኝ» ሲል ግን ሰምታችኋል? አልሰማችሁም። እኔም በአገልግሎት ዘመኔ አልሰማሁም። ታዲያ የእኛን አገር ሰው ይህ በሽታ አይነካውም ማለት ነው?

ይነካዋል። ዝም ብሎ ነው የሚነካው።

ይህ ሰው የዱራሜ ሰው ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ የተከበረ። ትልቅ ሰው ናቸውና ከእንግዲህ «እሳቸው» እላለሁ። ስማቸው ጋሽ ሄራሞ ነው። ስም ጠራ ብላችሁ አትታዘቡኝ፤ ፈቃድ ሰጥተውኛል። እንዲያውም አዘውኛል ማለት ይሻላል። ለምን እንዳዘዙኝ ኋላ ትሰሙታላችሁ።

ጋሽ ሄራሞ ለብዙ ዓመታት ርእሰ መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡም ወዲህ ሰደርያቸውን ሳይለብሱ ደጅ አይወጡም። እሳቸው ሲያልፉ ጎረምሶች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ያውም የተቸገሩትን የሚረዳው ክፍል ሰብሳቢ። መድኃኒት መግዣ ያጣ ሰው ሁሉ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው። «ምን ያሳፍራል ልጄ? መታመም ወንጀል አይደለም። ቸገረኝ ማለትም ነውር አይደለም» ብለው ይመክራሉ። ሲመክሩ ደግሞ ያምርባቸዋል።

አንድ አርብ ጠዋት ጋሽ ሄራሞ ሽንት ቤት ገቡ። ሲወጡ የገቡት ሰው አልነበሩም። በርበሬ የሸኑ መሰላቸው።

ትንሽ ቆይተው ደግመው ገቡ። ያው ነው። ከዚያ አንድ ብልሃት መጣላቸው፤ ውኃ መጠጣት አቆሙ። ካልገባ አይወጣም ብለው ነዋ! ባሰባቸው። የተማረ ሰው ሲያፍር ከማንም ይልቅ ሞኝ ይሆናል።

የግድ ሆነባቸውና ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ሆና አገኟት። በሩ ላይ ዞር ሊሉ ሲሉ፣ «ይግቡ አባቴ» አለቻቸው። ገቡ። ሽንታቸው ተመረመረ።

«የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» አለቻቸው። «ኢንፌክሽኑን የሚያጠፋው መድኃኒት እዚሁ አለ፤ በጤና መድህንዎ ይወስዱታል። ማቃጠሉን የሚያስታግሰው ክኒን ግን እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ነው የሚገዙት። እሱን ለሁለት ቀን ብቻ ነው የሚወስዱት፤ ስድስት ፍሬ ይበቃዎታል። ዋጋው ከከበደዎ ተመልሰው ይንገሩኝ፤ መላ አይጠፋም።»

ጋሽ ሄራሞ ሰደርያቸውን አስተካከሉ። «የዋጋው ነገር አያሳስብሽ» አሏት። ዋናውን መድኃኒት ተቀብለው፣ የማስታገሻውን ማዘዣ ኪሳቸው ከተው ወጡ።

የጡረታ አበላቸው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም። የርእሰ መምህር ጡረታ ነው፤ እናንተው ገምቱት።

እንግዲህ ከቤታቸው ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት አለ። ባለሙያዋ እመቤት ትባላለች። እመቤት በልጅነቷ የእሳቸው ተማሪ ነበረች፤ አሁን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ትዘምራለች። እንዲህ ዓይነት ሰው በቅርብ ማግኘት በረከት አይደለም? ለጋሽ ሄራሞ ግን መከራ ሆነባቸው። «ይህን ማዘዣ አንብባ፣ እሑድ ፊት ለፊቴ ቆማ ስትዘምር ምን ብዬ አያታለሁ?»

እንደምንም ብለው ገቡ። ማዘዣው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ከሴቶች ኅብረት ሁለት እናቶች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ምን ልታዘዝ?» አለች እመቤት።

ጋሽ ሄራሞ እናቶቹን አዩ። እናቶቹ ጋሽ ሄራሞን አዩ።

«ጉልበቴን» አሉ።

«እኔን! የትኛውን?»

ይህን አላሰቡበትም። «ግራውን» አሉ።

የሚቀባ ቅባት ሰጠቻቸው። ከፈሉ። ማዘዣው ከኪሳቸው ሳይወጣ፣ ውስጣቸው እየነደደ፣ ለደህና ጉልበት ቅባት ገዝተው ወጡ። እናቶቹ በመስኮት እያዩ ስለሆነ እስከ በራቸው ድረስ ማነከስ ነበረባቸው።

እናቶቹ ዝም ያሉ ይመስላችኋል? የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቡድኑ ቤታቸው ድረስ መጣ። የጋሽ ሄራሞ ግራ ጉልበት ላይ እጅ ተጫነ። በእንባ ተጸለየ። አንዱ ወንድም የሟች አባቱን ምርኩዝ አምጥቶ አስረከባቸው። ጋሽ ሄራሞ «አሜን» አሉ፤ ምርኩዙንም ተቀበሉ። ምን ያድርጉ? ጸሎቱ እየተራዘመ ሲሄድ ግን ሽንታቸው መጣና ከወንበራቸው ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ገሰገሱ። በጥድፊያው የሚያነክሱትን እግር ሳቱ። በቀኙ አነከሱ።

«ወደ ቀኙም ዞረ እንዴ?» አሉ እናቶች። ጋሽ ሄራሞ ሲመለሱ ለሁለቱም ጉልበቶች ተጸለየላቸው።

አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ግን አስቡት። ሰዉ ሁሉ ይወዳቸዋል። ሰዉ ሁሉ ሊረዳቸው ቆሟል። እጁ ሁሉ ተዘርግቷል፤ ግን ጉልበት ላይ ነው የተዘረጋው። ያለ አንጀት የሚጸልዩ መሰላችሁ? ከአንጀታቸው ነው። የሚያማቸውን ቦታ ያልነገሯቸው እሳቸው ናቸው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጋሽ ሄራሞ ቆረጡ። ማንም በማያውቀኝ ከተማ እገዛለሁ አሉ። ለባለቤታቸው ለእትዬ ዓለሚቱ፣ «ለጉልበቴ ሆሳዕና ሄጄ የተሻለ መድኃኒት ልግዛ» ብለው የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ለመለወጥ ያጠራቀሙትን ብር ጠየቋት። እትዬ ዓለሚቱ ብሩን ከሣጥን አውጥታ ሰጠቻቸው። «ጤና ይቅደም። ጣሪያው ዘንድሮም ያፍስስ» አለች።

መኪናው ተነሣ። ጥቂት እንደሄደ፣ «ሹፌር፣ አንዴ አቁምልኝ፤ አስቸኳይ ስልክ ልደውል» አሉ። ወርደው ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። ተመለሱ። ጥቂት ተሄደ። «ይቅርታ ልጄ፣ እንደገና ልደውል።» ወረዱ። ተመለሱ። ደግሞ ትንሽ ተሄደ። «ሹፌር…» ከማለታቸው ሹፌሩ በመስተዋት አያቸውና፣ «አባት፣ ይህ ሰውዬ ስልክ ለምን አያነሣም?» አለ።

አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት አዘነችላቸው። «ልጅዎ ነው?» አለች። «አዎ» አሉ። «እግዚአብሔር ልቡን ይመልስልዎ» አለቻቸው። እነሆ፣ በሌለ ልጅ ላይ ሐሜት ተጨመረ። አንድ ነገር መደበቅ ስትጀምሩ ስንት ነገር ትፈጥራላችሁ?

ሆሳዕና ደረሱ። በሩ መስታወት የሆነ ትልቅ መድኃኒት ቤት መርጠው ገቡ። ነጭ ጋዋን የለበሰው ባለሙያ ማዘዣውን አይቶ፣ «ይህ ክኒን ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ወደድ ይላል። ስድስቱን ብቻ ልቁረጥልዎ ወይስ ሙሉ ፓኬት?» ሲል ጠየቃቸው።

ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱም ቀላል ነበር። በዚህ መካከል ግን የመስታወቱ በር ተከፈተና አንድ የዱራሜ ሰው ገባ። ጋሽ ሄራሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሁሉንም» አሉ።

«ረከስ ያለም እኮ…» ብሎ ጀመረ ባለሙያው።

«ሁሉንም አልኩህ።»

የማድ ቤቱ ቆርቆሮ በሙሉ ባንኮኒው ላይ ተዘረገፈ። ፓኬቱን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ባለሙያው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አባቴ፣ አንድ ነገር ሳልነግርዎ፤ ይህን ሲወስዱ ሽንትዎ…» አለ።

«ሽንት» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ጋሽ ሄራሞ በሩን ከፍተው ወጥተዋል። ምርኩዛቸውን እዚያው ረስተው። የሁለት እግር ሕመምተኛ እንዲያ ሲሮጥ ያ የዱራሜ ሰው ምን እንዳለ አልተነገረኝም።

ማታ ከራት በኋላ የመጀመሪያዋን ክኒን ዋጡ። ለክኒኗ ምስክር ልሁንላት፤ ሥራዋን ታውቃለች። ማቃጠሉ ረገብ አለ። ጋሽ ሄራሞ እንደ ሕፃን ተኙ። በጠዋትም ሌላዋን ወሰዱ። የቤታቸው ሽንት ቤት ጨለማ ስለሆነ ምንም አላዩም። በደስታ ሰደርያቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ማነከሱን እንኳ ረሱት። «ጸሎታችን ተሰማ» ተባለ። እልልታ ቀለጠ።

ማስታወቂያ ሲነበብ ጋሽ ሄራሞ ቀስ ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። ቤተ ክርስቲያኗ በቅርቡ አዲስ ሽንት ቤት ሠርታለች፤ ነጭ ሴራሚክ፣ በቂ ብርሃን፣ ሁሉ የተሟላ። መርቀው የከፈቱትም ራሳቸው ጋሽ ሄራሞ ናቸው። ገቡ። ጀመሩ። ወደ ታች አዩ።

ነጩ ሴራሚክ ቀላ። እንደ ብርቱካን፣ እንደ ደም፣ በሁለቱ መካከል የሆነ ነገር።

ከዚያ የተሰማው ጩኸት ማስታወቂያውን አስቆመው። «ደሜ አለቀ! ሰዎች፣ ሞትኩ!»

ሰው ሁሉ ወጣ። አስተናጋጆች ደረሱ፣ ሽማግሌዎች ደረሱ፣ መዘምራን ልብሳቸውን እንደለበሱ ደረሱ። ጋሽ ሄራሞ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ላብ አጥምቋቸዋል። «ጉልበቱ ፈንድቶ ነው!» አለች አንዲት እናት። አንዱ ዲያቆን ነጠላ ተቀብሎ ግራ ጉልበታቸውን አጥብቆ ማሰር ጀመረ።

እመቤት ሰዉን ገፋ አድርጋ መጣችና ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ የትጋ ነው የሚደማው?»

ጋሽ ሄራሞ ሰደርያቸውን አስተካከሉ።

«ጋሼ፣ ካልነገሩኝ ልረዳዎ አልችልም።»

ጋሽ ሄራሞ ቀና ብለው አዩ። ሚስታቸው አለች። ሽማግሌዎቹ አሉ። ያስተማሯቸው፣ የገሠጿቸው፣ የመከሯቸው ሁሉ ቆመዋል። አንድ በኩል ክብራቸው አለ፤ አንድ በኩል ነፍሳቸው። የመረጡትን ልንገራችሁ? ነፍሳቸውን መረጡ። እግዚአብሔር ይመስገን።

«ሽንቴ ነው» አሉ። «ከአርብ ጀምሮ ያቃጥለኛል። አሁን ደግሞ ደም ሆነ። ጉልበቴ ደህና ነው።»

ዲያቆኑ ነጠላውን ቀስ ብሎ ፈታ።

«የወሰዱት ክኒን አለ?» አለች እመቤት። ፓኬቱን ከሰደርያቸው ኪስ አውጥተው ሰጧት። አየችው። የመዘምራን ልብሷን እጅጌ አፏ ላይ ያዘች። «ጋሼ፣ ደም አይደለም። ይህ ክኒን ሽንትን እንዲህ ያቀላዋል። ሲጨርሱት ይጠፋል። የሸጠልዎ ሰው አልነገረዎትም?»

«ሊነግረኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ወጣሁ።»

እመቤት አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ይህ መድኃኒት እኮ እኔ ጋ አለ። ስሙ ሌላ ነው፤ የሚያመርተው ሌላ ፋብሪካ ስለሆነ ነው እንጂ ውስጡ አንድ ነው። ዋጋው ግን ከዚህ ሩቡን አይሞላም። ደግሞ ፓኬት ሙሉ ማን ውሰዱ አለዎ? ስድስት ፍሬ ቆጥሬ እሰጥዎ ነበር። ያም ባይሆንልዎ…» አለች።

ጨርሺው አላሏትም። ያም ባይሆንላቸው መድኃኒት መግዣ ላጣ ሰው የሚከፍል ክፍል ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ነበር። ሰብሳቢውም እሳቸው ነበሩ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ታሪኩ አለቀ ብላችሁ እንዳትነሡ። እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያስቀውን ነው።

ቤት ገቡ። እትዬ ዓለሚቱ ስትስቅ ዋለች። ጉልበታቸውን እያየች ሳቀች፣ ጣሪያውን እያየች ሳቀች። ጋሽ ሄራሞም መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ ሳቋ ቀስ በቀስ ቆመ።

«ሄራሞ» አለች። «ባለፈው ክረምት ወገቤን አመመኝ ያልኩህ ትዝ ይልሃል?»

«አዎ። ጠንክሮብሽ ነበር።»

«ወገቤ አልነበረም።»

ጋሽ ሄራሞ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንተን የያዘህ ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል። ዛሬም አለ። የገብስ ውኃ እየጠጣሁ ነው የምውለው። ይህን ነገር ለአንተ ምን ብዬ እነግርሃለሁ? መድኃኒቱስ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል? የጣሪያውን ብር ለዚህ ልጠይቅህ ነው?»

ይህን የነገሩኝ ጋሽ ሄራሞ ራሳቸው ናቸው። «በአንድ አልጋ ላይ ተኝተን» አሉኝ፣ «እኔ ጉልበቴን፣ እሷ ወገቧን። እኔ ግን ሦስት ቀን ነው የቻልኩት። እሷ ዓመቱን ሙሉ ቻለችው።»

ሰኞ ጠዋት እጇን ይዘው ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሟ ክፍል ገብተው ሰደርያቸውን ሳያስተካክሉ፣ «ልጄ፣ ባለቤቴን ሽንት ያቃጥላታል። ዓመት ሆናት። እኛ ደግሞ ገንዘብ የለንም፤ በሞኝነቴ ጨርሼዋለሁ። በትንሽ ዋጋ የምትታከምበትን መንገድ ንገሪን» አሉ። በረንዳው ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማቸው። ይስማ።

ሐኪሟ እትዬ ዓለሚቱን በደንብ መረመረቻት። ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት መንገድ ጀምሮ ነበር፤ ገና አልገባም። «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ የምናወራው ሌላ ነገር ነበር» አለች። ዋናው መድኃኒት በጤና መድህን ተሰጣት። ማስታገሻውንም፣ «ይህ ፓኬት ለእርስዎም ይሆናል፤ ኩላሊትዎን አይቼዋለሁ፣ ግን ለሁለት ቀን ብቻ» ብላ ከጋሽ ሄራሞ ፓኬት ላይ ቆጥራ ሰጠቻት። ያ ውድ ፓኬት ለትክክለኛው ሰው ደረሰ። እትዬ ዓለሚቱ ዛሬ ደህና ናት። ጣሪያቸው ግን ያፈስሳል፤ አይቼዋለሁ፣ ሳህን ተደርጎበታል።

ጋሽ ሄራሞን፣ «ይህን ታሪክ ስም ሳልጠራ ላስተምርበት?» ስላቸው ተቆጡኝ። «ስም ሳትጠራ ብትናገር ሰዉ ሌላ ሰው ነው ብሎ ይስቃል። ስሜን ጥራ። ምናልባት አንዱ ባል ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ይጠይቅ ይሆናል» አሉኝ።

እንግዲህ ጠራሁ። አሁን ወደ እናንተ ልዙር።

አባቶቻችን፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማን ነው የሚኖረው? መድኃኒት መግዣ አጥታችሁ ማዘዣውን መጽሐፍ ውስጥ የሸጎጣችሁ የላችሁም? ባለሙያውን «ከዚህ ረከስ ያለ አለ ወይ?» ማለት ውርደት የመሰላችሁ የላችሁም? ግማሹን ገዝታችሁ ግማሹን የተዋችሁ፣ «እንዴት ነህ?» ስትባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላችሁ ያለፋችሁ የላችሁም?

ስለ መድኃኒት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትዳሩ እየነደደ ስለ ሥራ መብዛት የሚያወራ አለ። ልጁ ከቤት ወጥቶ የቀረበት፣ «ለትምህርት ሄዷል» የሚል አለ። እኛም እጃችንን ጭነን ለሥራ መብዛቱ እንጸልያለን፤ ለትምህርቱ እንጸልያለን። እናንተም «አሜን» ትላላችሁ።

ሽማግሌዎች፣ ለእናንተም አለኝ። ሌላውን «አትፈር» ስትሉ ትውላላችሁ። ቸግሯችሁ ያውቃል? ለማን ተናገራችሁ? መሪው የማይናገርበት ቤት ውስጥ ምእመኑ አፉን አይከፍትም። እናንተ ባሎችም፣ ዛሬ ምሳ ከመቅረቡ በፊት ሚስቶቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ስትመልስላችሁም ዝም ብላችሁ አድምጡ።

የምንጸልይበት ጊዜ ነው። መዘምራን ትንሽ ቆዩልኝ፤ ዜማ አልፈልግም። ዛሬ የጸሎት ርእስ ስጠይቅ የምትናገሩትን አሳምራችሁ እንድታመጡ አልጠብቅም። ስሙን የማትጠሩት ከሆነ እጃችሁን ብቻ አሳዩኝ። ዲያቆናቱ አሉ፣ እኔም አለሁ። ማንም ዞሮ አይይ።

እጠብቃለሁ።

አየሁ። ከበሩ አጠገብ። እናቴ፣ አይነሡ፤ እኔ እመጣለሁ።